ሽማግሌ ይግባ!

ኦቴሎን በፊልም ያየ ሰው ኩታበር ላይ ኦቴሎን ባያዘጋጅ ይሻለዋል። ደሴ ሳለሁ ያየሁት የኦርሰን ዌልስን ነው፤ በ1952 እ.ኤ.አ. የካንን ትልቅ ሽልማት የተጋራውን። ሞሮኮ ላይ ሲቀርጽ ገንዘብ አጥሮት፣ አልባሳቱ አልደርስ ቢለው፣ ሮድሪጎ የሚገደልበትን ትዕይንት እንፋሎት ቤት አስገብቶ ተዋንያኑን በፎጣ አሠራቸው። የማስተምርበትን ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ልጆች ያደፋፈርኩት በዚህ ወሬ ነው። ዌልስ በፎጣ ከሠራ እኛን በጋቢ ማን ይከለክለናል? ብርድ ያለበት አገር ደግሞ ጋቢ አያጣም።

የያዝነው የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ነው፤ አፍ የሚሞላ። ዌልስ ብዙውን ንግግር ቆርጦ በግንብና በጥላ ተክቶታል። እኛ ግንብ የለንም፤ ያለን ቃሉ ብቻ ነው።

ፊልሙ ከቀብር ይጀምራል። የኦቴሎና የሚስቱ የዴዝዴሞና አስከሬን ታጅቦ ሲያልፍ ሴረኛው ኢያጎ በብረት ቀፎ ተንጠልጥሎ ያያል። ስለዚህ ኢያጎ ለተንኮሉ የሚጠቀምበት የዴዝዴሞና መሐረብ ሲወድቅ ተመልካች ለቅሶ ደርሶ ጨርሷል፤ ምን ብሎ ይጩህ? የኩታበርን ሰው ግን መጨረሻውን የነገረው የለም። መሐረቡ ኢያጎ እጅ ሲገባ አንዲት እናት ከኋላ «አየሁህ!» አሉ። ኦቴሎ ወደ አልጋው ሲጠጋ አንድ አባት ብድግ አሉ።

«ቆይ የኔ ልጅ! ባልና ሚስት ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል እንጂ!»

«ይግባ! ይግባ!» አለ አዳራሹ።

ኦቴሎዬ ሰው አክባሪ ነውና ትራሱን እንደያዘ ቆመ። ከመጋረጃ ኋላ «ግደላት!» አልኩ፤ ለካ ድምፄ ወጥቷል፣ ሰው ሁሉ ከኢያጎ ይልቅ እኔን መፈለግ ጀመረ።

በ1965 እ.ኤ.አ. የሎረንስ ኦሊቪየርን የመድረክ ኦቴሎ ወደ ስቱዲዮ ወስደው ቀርጸውታል። ትወናውን ወሰዱ፣ ንግግሩን ወሰዱ፤ «ቆይ የኔ ልጅ» የሚል ሰው ግን አልወሰዱም። ለኔ የዚያ ፊልም ጉድለት እሱ ነው፤ በዚያች ምሽት ግን እንዴት እንደቀናሁባቸው!

ኦቴሎዬ እንደምንም አፈናት። ሼክስፒር ደግሞ ዴዝዴሞናን ከታፈነችም በኋላ ጥቂት ያናግራታል። ልጅቷ ድምፅ ብታሰማ እልልታው ቀለጠ። ይህን ሁሉ ደስታ ስታይ ዳግመኛ መሞቱን ተወችውና አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

ኦቴሎ የካርቶን ጩቤውን እንደያዘ ወደ መጋረጃው ዞረ።

«ቲቸር፣ እኔስ ልሙት?»

እኔ ከመመለሴ በፊት አባትዬው ቀደሙኝ።

«አብሽር ልጄ፣ ለምን ብለህ!»