ቅኝት ድሮ ቀረ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ዘንድሮ መስከረም ገና ሩቅ ነው፣ ጉዱ ግን ቀድሞ ደረሰ። በገና በስልክ ይቃኛል! የልጅ ልጄ ሁዳዴ ገባ ብሎ በገናውን ታቀፈና ስልኩን ፊቱ ደገነ። አውታሩን ነካ፤ ቀይ በራ። መቃኛውን ቅንጣት ታህል ጠመዘዘ፤ አረንጓዴ በራ። ዐሥሩም አውታር ቡናው ሳይፈላ አለቀ።

ይኼ ቅኝት ነው? ዳዊት ሳኦልን ያረጋጋው አረንጓዴ መብራት አይቶ ነው? በገና በደርዳሪው ድምፅ ልክ ነው የሚቃኘው፤ ጎርናናው ዝቅ፣ ቀጭኑ ከፍ ያደርገዋል። ስልኩ ግን የላቲን ፊደል ይደረድራል። የኔ ጉሮሮ ላቲን የት ያውቃል?

እንዚራውስ? በበርኩማው ላይ ከየአውታሩ ሥር የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ፣ በገናን «ዝዝዝ» የምታሰኘው እሷ ናት። ከቦታዋ ፀጉር ታህል ከሸሸች ያ ግርማ ሞገስ ይጠፋል። ገፋ፣ መለስ፣ ጆሮ ጠጋ፣ እንደገና ገፋ... እስቲ እሷን የሚያውቅ ስልክ አምጡልኝ!

በኛ ጊዜ አንድ አዛውንት ጎረቤት ነበሩን፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ከራት በኋላ ይጀምራሉ፤ ሲያጠብቁ፣ ሲያላሉ፣ እንደገና ሲያጠብቁ ዶሮ ይጮኻል። መዝሙራቸውን እንኳ ሰምተን አናውቅም፤ ቅኝታቸው ግን አጥንት ያለመልማል። ያኔ ሰው ትዕግሥት ነበረው፤ ግድግዳ ተደግፈን፣ አንዳችም ሳናማርር፣ እስክንነቃ ድረስ እናዳምጣቸው ነበር።

አውታሩም የበግ አንጀት ነበር፤ ታጥቦ፣ ተፈትሎ፣ ደርቆ። ዛሬ ናይለን! ናይለን ምን ነፍስ አለው? የኔው በገና ናይለን መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንጀቱን ድመቷ በላችው። ደግሞስ ናይለን ክረምት ቢገባ አይረግብ፣ ድመት አይጠራ።

«አባባ፣ ልቃኝልዎት?» ይለኛል ልጁ። እኔ? ከጆሮዬ በቀር ማንንም አላምንም አልኩት። ስልኩን አጠገቤ የማስቀምጠው ጆሮዬ ልክ መሆኑን እንዲመሰክርልኝ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ስድስተኛው አውታር ላይ ስደርስ ባትሪው አልቆ ድርግም አለ። ይኸው በገናዬ ግማሹ ተቃኝቶ፣ ግማሹ ሳይቃኝ ተቀምጧል። የዛሬ ልጆች ቻርጀር እንኳ አንድ ቦታ ማስቀመጥ አቃታቸው!