«ውሻ ይዞ መግባት»፦ ለአንድ የአያት ካፌ ባለቤት የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ባለ ካፌ፤
አያት፣ አዲስ አበባ።

እኔና ውሻዬ መቻል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ እኔ ማኪያቶ፣ እርሱ ደግሞ ጥላ ከመናፈቅ በቀር ሌላ የሚሰማን ሕመም የለም።

ክቡርነትዎ ስሜን አያውቁትም፤ መልኬን ግን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ በየቅዳሜው ጧት ከካፌዎ ደጃፍ፣ ከአበባው ማሰሮ አጠገብ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ገመድ፣ በሌላው እጁ የክትባት ደብተር ይዞ ከዘበኛዎ ጋር የሚሟገት ሽበታም ሰው አይተው እንደ ሆነ፣ እርሱ እኔ ነኝ። የካፌዎን ስም በዚህ ደብዳቤ ያላነሣሁት ከጨዋነት የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ከአያት አደባባይ ተነሥቼ እስከ ሰሚት፣ በሌላ ቀንም እስከ ለገ ጣፎ መዳረሻ ድረስ ውሻዬን አስከትዬ በእግሬ ብዞር፣ የእርስዎው ማስታወቂያ በአንድ ጸሓፊ እጅ የተቀዳ ይመስል በየደጁ ተለጥፎ ስላገኘሁት፣ ከሁሉ አንዱን ለይቶ በስም መውቀስ ለቀሩት ማዳላት ይሆንብኛል።

ስለ መቻል ጥቂት ልናገር። መቻል ያገር ውሻ ነው፤ ቀለሙ ዳማ፣ ጠባዩ ዝምተኛ፣ ዕድሜው ስድስት ዓመት። አባቶቻችን ለጎረቤት ፊት ለፊት ሊናገሩት ያልደፈሩትን ነገር በውሻቸው ስም አሳብበው ይናገሩ ስለ ነበር፣ እኔም በዚህ ሰፈር ስኖር የሚያስፈልገኝን ነገር አስቤ ስሙን መቻል አልሁት፤ በየማታው ደጄ ላይ ቆሜ ስጠራው ጎረቤቶቼ ለማን እንደምናገር ያውቁታል።

የእኛ ሰፈር የከተማ ዳር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰንጥቆ ሲያበቃ፣ ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ አያት ነው። እንዲህ ባለው ሰፈር ውሻ ማሳደር ቅንጦት አልነበረም። የቤቶቻችን መሠረት ገና ሲቆፈር የአሸዋው፣ የሲሚንቶውና የፌሮው ጠባቂ አንድ ብርድ ልብስ የደረበ ዘበኛና ሁለት ሦስት ውሾች ነበሩ፤ ጅብ ሲመሽ ከወንዙ ሸለቆ ወጥቶ እስከ አጥራችን ይደርስ ስለ ነበር፣ ዘበኛው ሲያንቀላፋ የሚነቁት እነርሱ ነበሩ። ግንባታው ባለቀ ጊዜ ዘበኛው ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ሌላ ግንባታ ሄደ፤ የተረፈው አሸዋ ተሸጠ፤ ውሾቹ ግን የሚረከባቸው ስላልተገኘ በነበሩበት ቀሩ። ካፌዎ ዛሬ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፎ ነጭ ወንበር የደረደረበት መሬት ያን ጊዜ የጠጠር ክምር ነበር፤ በክምሩም ላይ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ቡላ ውሻ ትተኛ ነበር። ያች ውሻ ዛሬም አለች፤ ጠጠሩ ቢነሣባት ከጠረጴዛ ቁጥር 7 ሥር ተዛወረች እንጂ ርስቷን አልለቀቀችም። ከእርሷም ጋር ልጆቿ፣ ከልጆቿም ጋር የልጅ ልጆቿ አሉ።

እንግዲህ ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። በልጅነቴ ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ጥቂት ክረምቶች የተቀመጥሁ ስለ ሆነ፣ ንባብ ባየሁ ቁጥር ትርጓሜውን ሳልመረምር ማለፍ አይሆንልኝም። ንባቡ «ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ሐተታ፤ ውሻ ንጹሕ እንስሳ አይደለምና ሰው ከሚበላበት አይድረስ ሲል ነው። አንድም፤ ውሻ ሕፃናትንና ፈሪዎችን ያስደነግጣልና ከመካከላቸው አይገኝ ሲል ነው። አንድም፤ ባለ ውሻ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሁለት ሰዓት ይቀመጣልና ስፍራ አያጣብብ ሲል ነው። ሦስቱም ትርጓሜዎች ሊቃውንት የሚያፍሩባቸው አልነበሩም፤ ዳሩ ግን ከጠረጴዛ ቁጥር 7 ሥር የተኛችው ቡላ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ታፈርሳቸዋለች፤ ታጥባ አታውቅም፣ ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ በእግር መካከል ታልፋለች፣ አንዲት ስኒ እንኳ ሳታዝዝ ውላ ታድራለች፤ ዘበኛዎም ተነሺ ብሏት አያውቅም።

ይህን ይዤ ሦስት ሳምንት ካሰላሰልሁ በኋላ ምሥጢሩ ተገለጠልኝ። ምሥጢሩ ያለው «ውሻ» በሚለው ስም ላይ ሳይሆን «ይዞ» በሚለው ቦዝ አንቀጽ ላይ ነው። በካፌዎ ሕግ የተከለከለው የውሻ መግባት ሳይሆን የውሻ መያዝ ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ እንደ ነፋስና እንደ አቧራ የተፈጥሮ ነገር ስለ ሆነ ገብቶ ቢተኛ ማንም አይጠየቅበትም፤ ገመድ ያለው፣ ደብተር ያለው፣ ስም ያለው ውሻ ሲመጣ ግን ከበስተኋላው የሚጠየቅ ሰው ስላለ ዘበኛው የሚናገረው ነገር ያገኛል። (በግእዝ ውሻ «ከልብ» ይባላል፤ ማስታወቂያው በግእዝ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አማርኛ ብቻ የሚያነብ ደንበኛ ከልቡ እንዳይገባ የታዘዘ መስሎት በግድየለሽነት ይገባ ነበር፤ ብዙዎቹም እንደማየው ይህንኑ ያደርጋሉ።) ከዚያው ማስታወቂያ ጎን «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ሌላ ወረቀት አለ፤ ይህኛው እንኳ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን የመሰለ ጋሻ ያለው ሲሆን፣ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰውዬ ጀርባውን ወረቀቱ ላይ አስደግፎ ሲጋራውን ሲያጤስ ዘበኛዎ የሚመለከተው መቻልን ነበር።

ካፌዎ ሲታነጽ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን የተከተለ ይመስለኛል። ሣር የተነጠፈበት በረንዳ ቅኔ ማኅሌቱ ነው፤ በዚያ ደንበኞች የስልካቸውን ድምፅ ከፍ አድርገው እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ድምፅ ማጉያውም ያለ ዕረፍት ይመታላቸዋል። ኬክ በመስታወት ውስጥ የተሠየመበት ክፍል ቅድስቱ ነው፤ ወደዚያ የሚቀርቡት ዋጋውን አይተው ያልደነገጡ ምእመናን ብቻ ናቸው። የቡናው ማሽን እንፋሎቱን እንደ ዕጣን የሚያሳርግበት ስፍራ መቅደሱ ሲሆን፣ ከባሪስታው በቀር ማንም አይገባበትም። እኔና መቻል ግን ከደጀ ሰላሙ አላለፍንም።

ውሻ ከቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ አባቶች የሠሩትን ሥርዓት የምነቅፍ ሰው እንዳይመስልዎ። መቻል ራሱ ሥርዓቱን ስለሚያውቅ እሑድ እሑድ ከቅጽሩ ውጭ ከአንዲት ባሕር ዛፍ ሥር ተኝቶ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቀኛል። ነገር ግን በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን በዓሉን የምናከብርለት ሊቀ መላእክት ሩፋኤል ከወጣቱ ጦብያ ጋር ረጅም መንገድ ሲሄድ ውሻውም አብሮ እንደ ተከተላቸው መጽሐፈ ጦቢት ይመሰክራልና፣ ከሰባቱ ሊቃነ መላእክት አንዱ ያልተጸየፈውን ጓደኝነት ማኪያቶ የሚሸጥበት ቤት ለምን እንደሚጸየፈው ሊገባኝ አልቻለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴስ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ ሚኒስትሮች ጎንበስ ብለው በሚያልፉበት ቤተ መንግሥት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይመላለስ አልነበረምን?

ክቡርነትዎ እዚህ ላይ «የእብድ ውሻ በሽታስ?» ይሉኝ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ቀልድ የማይገባው ስለ ሆነ ለጥቂት መሥመሮች ሽሙጤን አስቀምጣለሁ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያመልጥበት ሰው ከሞላ ጎደል የለም፤ ወደ ሰውም የሚተላለፈው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በውሻ ነው። ቢሆንም ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ውሻ ለነከሰው ሕፃን ክትባቱን ከሰጠ ወዲህ መከላከያው ታውቋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በአንድ ስፍራ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 የሚሆኑት ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መዛመቱ ይቆማል ይላል። መቻል በየዓመቱ ይከተባል፤ ደብተሩን ለዘበኛዎ ገልጬ ባሳየሁት ጊዜ፣ እኔ ራሴ ከውሻዬ ያነሰ ክትባት የተከተብሁ ሰው መሆኔን ተገንዝቤ አፍሬ ነበር። እንግዲህ ሒሳቡን ክቡርነትዎ ይሥሩት፤ ከሰባው ወገን የሚቆጠረው ደጅ ቆሟል፤ ከሠላሳው ወገን የሆነችው ከጠረጴዛ ሥር ተኝታለች።

ከደንበኞችዎ መካከል በሃይማኖቱ ወይም በፍርሃቱ ምክንያት ውሻ እንዲጠጋው የማይወድ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ አከብረዋለሁም። ገመድ የተሠራው ለእርሱ ነው። ገመዱን አሳጥሬ ብይዝለት መቻል ከወንበሬ እግር አይርቅም፤ ቡላዋ ግን የማንን ሃይማኖት ጠይቃ በማን ጫማ ላይ እንደምትተኛ እስካሁን አላየሁም።

ፈረንጅ ስላደረገው ይደረግ ከሚሉት ወገንም አይደለሁም። በቨርጂንያ የምትኖር የእህቴ ልጅ ከአንድ የቡና ቤት በረንዳ ላይ ውሻዋ ከጠረጴዛዋ ጎን ውሃ ሲጠጣ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ልካልኝ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምግብ ደንብ አርአያ ውስጥ ውሻ ከቤት ውጭ ባለው መመገቢያ እንዲገኝ መንገድ መከፈቱን ብትጽፍልኝ፣ ደስ ከማለት በቀር ልቤ አልተነሣም። የሚያስገርመኝ ሌላ ነው፤ ማኪያቶውን ከነስሙ፣ ማሽኑን ከነእንፋሎቱ፣ ካፌ የሚለውን ቃል ራሱን ከባሕር ማዶ ተቀብለን ስናበቃ፣ በዚያው አገር ከጠረጴዛው ሥር የተኛውን ውሻ ግን ከዕቃው ዝርዝር ላይ ሰርዘን አስቀረነው።

ከዚህ ሁሉ ዙረት በኋላ ለውሻ የተመቸ ቡና ቤት አላገኘህም ወይ ቢሉኝ፣ አግኝቻለሁ። ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ሸራ ወጥራ፣ ጀበና ጥዳ፣ አምስት በርጩማ ደርድራ የምትሸጥ ሴት አለች። ከሩቅ እንዳየችን «ግቡ» አለችን፤ በብዙ ቁጥር። ለእኔ ቡና ከጤና አዳም ጋር፣ ለመቻል በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውሃ አቀረበች፤ ደብተርም አልጠየቀችም፣ ብቻ «ይናከሳል?» አለችኝ፤ አይናከስም ስላት አመነችኝ። በአንድ ዓመት ፍለጋዬ ስለ ውሻው ጠባይ የጠየቀኝ ሰው እርሷ ብቻ ናት። ይሁን እንጂ ከእርሷ ዘንድ ወተት የለም፤ ዝናብም ሲመጣ ሸራው ያፈሳል፤ እኔም ማኪያቶ የለመድሁ ደካማ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ከበረንዳው ዳር አንዲት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ገመድ የሚታሰርባት አንዲት ምስማር፣ ከምስማሯ ሥር ውሃ የሚቀመጥባት አንዲት ጣሳ ቢፈቅዱልን፣ ስምዎን ከጸሎቴ አልለየውም። ይህ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያው «ባለቤት ያለው ውሻ አይገባም» ተብሎ ይታረም፤ እኔም አንድምታ መጻፌን እተዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ልጨርስ ስል ትናንት የሆነውን ሳልነግርዎ ብቀር ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ከደጃፍዎ ደርሰን እንደ ልማዳችን ከዘበኛው ጋር ሰላምታ ስንለዋወጥ የገመዱ መቆለፊያ ተሰብሮ ወለቀ። መቻል ወደ እኔ አየ፤ ወደ ዘበኛው አየ፤ ከዚያም ሳይቸኩል በመካከላችን አልፎ ገባ። ዘበኛዎ እንደ ማንኛውም የሰፈር ውሻ ቆጥሮት ዐይኑን እንኳ አላነሣም። መቻል ከጠረጴዛ ቁጥር 7 ሥር ገብቶ ከቡላዋ ጎን ተጋደመ፤ ወዲያው አንዲት ወይዘሮ ከነናዊቷ ሴት ስለ ውሾችና ስለ ፍርፋሪ የተናገረችውን ያስታወሰች ይመስል ከኬኳ ጫፍ ቆርሳ ጣለችለት፤ አስተናጋጁም አይቶ ፈገግ አለ። እኔም እንግዲህ ውሻ ያልያዝሁ ሰው ስለ ሆንሁ ሕጉን ጠብቄ ለመግባት እግሬን አነሣሁ።

«ጋሼ፣» አለኝ ዘበኛዎ፣ እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ፣ «ይህ ገመድ የምንድን ነው?»

መልስ አጣሁ። ከአበባው ማሰሮ አጠገብ ቆሜ መቻል ኬኩን ሲጨርስ በመስታወቱ በኩል አየሁት። ኬኩ ሒሳብ ካለው እዚያው ደጅ ላይ ነኝና ይላኩልኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ባለ ገመዱ