ለአብሮ ተከራያችን ለካምፕ ሌሞኒየር

ጉዳዩ፦ በቤት ኪራይ ድርድር ላይ ምክር እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ለተከበራችሁ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አዛዦች፣

እኛ በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት፣ በአንዲት የጣውላና የቆርቆሮ ክፍል የምንኖር ስድስት ኢትዮጵያውያን ነን። ስማችን ለጊዜው ይቆይ፤ የመኖሪያ ፈቃዳችን ገና በመታየት ላይ ነው። የምንጽፍላችሁ እናንተም እንደኛ ተከራይ ስለሆናችሁ ብቻ ነው። (ዓመቶቹን እንዲመቻችሁ በናንተ አቆጣጠር አድርገናቸዋል።)

በ2014 ውላችሁን ስታድሱ እስከ 20 ዓመት የሚያስኬድ ስምምነት በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር እንደተፈራረማችሁ ዓለም ሰምቷል። ይህን ሰምተን ያደርንበትን ሌሊት አንረሳውም። ሃያ ዓመት! የኛ አከራይ ውል የሚባል ነገር አያውቁም። ሰኔ ሲገባና ሙቀቱ 40ን ሲያልፍ በሩ ላይ ይቆሙና «ቬንቲላተር አስገብታችኋል አሉ» ይላሉ፤ በዚያው ኪራይ ይጨምራል።

ከመካከላችን ድሬዳዋ ሒሳብ ያስተምር የነበረ አለ። አንድ ከሰዓት፣ ጫቱ ከገባ በኋላ፣ የእናንተን ኪራይ በመጠቅለያው ላይ አሰላው። ሰፈራችሁ 200 ሄክታር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር በወር ሦስት ዶላር አይሞላም። የኛ ክፍል 3 በ4 ነው፤ 20,000 ፍራንክ እንከፍላለን። ፍራንኩ ከዶላር ጋር ስለታሰረ ሒሳቡ አያምታታም፤ ለካሬው ከዘጠኝ ዶላር ያልፋል። መምህሩ ሁለት ጊዜ ደግሞ አሰላ። እርግጥ እናንተ ቤቱን በራሳችሁ ወጪ ሠርታችኋል፤ የኛ ከነጣሪያው ነው፣ ሰማዩ በከፊል ቢታይበትም።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ እንዴት ነው የተደራደራችሁት? የሚያስፈልገው መርከብ ከሆነ ቁርጡን ንገሩንና እንተወው።

በኮንቴይነር ቤት እንደምትኖሩ ስንሰማ አዝነን ነበር። ኤርኮንዲሽን እንዳለው ስንሰማ ሐዘናችንን አነሳን። እኛ ፍራሻችን ሦስት ነው። ሦስቱ ዘበኞች ንጋት ላይ ሲገቡ ሦስቱ የወደብ ጫኝና አውራጆች ይወጣሉ፤ ፍራሹ ሳይበርድ ባለቤት ይለውጣል። ችግር የሚመጣው ወደቡ ላይ ሥራ በጠፋ ቀን ነው። ያን ቀን ስድስታችንም እንገኛለን፤ አንዱ እንዲገለበጥ ሌላው ወጥቶ ይቆማል። በሙቀቱ ወራት ሌሊትማ ካርቶን ይዘን መንገድ ዳር ነው፤ እዚያ እንኳ ነፋስ የሚያገኘው ጥግ ቀድሞ የተያዘ ነው።

ከሁሉ ያስቀናን ግን የድሮኖቻችሁ ነገር ነው። አምቡሊ አየር ማረፊያ ላይ ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር እየተጋፉ አደጋ ሲያሰጋ፣ መንግሥት ጠየቀ፣ እናንተም በ2013 ሻበሌ ወደሚባለው በረሃ አዛወራችኋቸው። በዚህ ከተማ ውስጥ «ተጨናንቀናል» ብሎ ምትክ ቦታ የተሰጠው እነሱን ብቻ ነው የምናውቀው።

ስለ መጨናነቅ የባልባላን ሰፈር ሰው ጠይቁ። በ1966 የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ደጎል ሲመጡ ሕዝቡ ነፃነት ብሎ ተነሳ፤ ፈረንሳይም ከተማዋን በሽቦና በፈንጂ አጠረቻት። እንዳይገባ የተከለከለው ከሽቦው ማዶ፣ ባልባላ ላይ፣ ሰፈረ። ነፃነቱ በ1977 መጣ፣ ሽቦውም ቆይቶ ተነሳ፤ ሰዉ ግን እዚያው ነው፣ እየበዛም ሄደ። አሁን ጠዋት ጠዋት ያ ሁሉ ሕዝብ በሚኒባስ ወደ መሀል ከተማ ይወርዳል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ለሦስት በተሠራ ወንበር አምስተኛ ሰው ይጠራል፤ ልጅ ያቀፈች እናት ልጇን ለማታውቀው ሰው ታቀብላለች፤ ሂሳብ ከኋላ ወደፊት በሰው እጅ ይሻገራል። ፊት ለፊት ደግሞ የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፈ ተሳቢ መንገዱን ዘግቷል። የአገራችን ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በዚህ ወደብ ያልፋልና ማንን እንውቀስ? ከመካከላችን አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲሳደብ ሾፌሩ በንጹሕ አማርኛ መለሰለት፤ ኋላ የአንድ ወረዳ ሰዎች ሆነው ተገኙ።

መብራቱም ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ይመጣል፤ ከ2017 ወዲህ ውሃውም ከሀደጋላ እዚህ ድረስ በቧንቧ ይፈሳል። እነሱ ስምምነት ተፈርሞላቸው ገቡ። እኛ በጋላፊ ድንበር በኩል በእግር ነበር።

ስለ ጉርብትናም ትንሽ እናውቃለን። በ2018 የቻይና ጦር ሰፈር ሰዎች በአውሮፕላን አብራሪዎቻችሁ ዓይን ላይ ሌዘር አብርተዋል ብላችሁ ስትከሱ፣ እነሱም ሲክዱ፣ ፈገግ አልን። እኛም ቤት ጠቡ በመብራት ነው፦ አንዱ በሌሊት በስልክ ባትሪ ሲያነብ ሌላው ይነሳበታል። ደግሞ ሰፈራችሁ የተሰየመባቸው ጄኔራል ሌሞኒየ በ1945 ቬትናም ውስጥ ጃፓኖች አንገታቸውን የቆረጧቸው ፈረንሳዊ ናቸው፤ ከ2011 ጀምሮ የጃፓን ጦር ሰፈር አጥር ለአጥር ጎረቤታችሁ ሆኗል። ይህን የቻለ ሰው ስድስት ሆኖ በአንድ ክፍል መኖር አያቅተውም፤ የኛን ፈረቃ ለመሞከር ብትፈልጉ አርብ አንድ ፍራሽ እናስለቅቃለን።

መልሳችሁን ለሚኒባሱ ረዳት ብትሰጡት ይደርሰናል።

ከሰላምታ ጋር፣
የካርቲየ ሁለት ስድስቱ ተከራዮች

ግልባጭ፦
ለፈረንሳይ፣ ለጃፓን፣ ለጣሊያንና ለቻይና ጦር ሰፈሮች (በተከራይነታቸው)
ለድሮኖቹ፣ ሻበሌ
ለአከራያችን (ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ ብቻ የሚደርሳቸው)