የ«ምን አገባችሁ» ጉዳይ

የእህቴ ልጅ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና መማር ከጀመረች ወዲህ በቤታችን ማዕድ በሰላም አይነሣም። ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ስለ ፈንግል ታወራለች፤ ቁርጥ ሲቀርብ ስለ ኮሶ። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ወጉ ወደ ውሻ ዞረ። «ጋሼ፣ ሴት ውሻ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች። በዓመት ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች። ስድስት ቡችሎች ናቸው ይበሉ፤ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ። እነሱም ዓመት ሳይሞላቸው...» ሒሳቡን ሳትጨርስ ከፊቴ ያለውን የበግ አጥንት አንሥታ በመስኮት ለጃኖ ወረወረችለት። ጃኖ የግቢያችን ውሻ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ባልመለስ ደስ ይለው ነበር።

የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አስፋልቱ አልቆ የእንጦጦ ዳገት የሚጀምርበት ጋ ነው። እዚህ ቀኑ የሰው፣ ሌሊቱ የውሻ ነው። አንዱ ከጉራራ በኩል ይጀምራል፤ የወንዝ ዳሮቹ ይቀበሉታል፤ ከዚያ የእያንዳንዱ ግቢ ውሻ «እኔም አለሁ» ይላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ጅብ ይወርዳል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በእኛ ሰፈር አይሠራም፤ ጅቡ መች ሄዶ ያውቃል?

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ውሾቹ ግን ልማድ ነውና ጠዋት ጠዋት በተዘጋው በር ፊት ይኮለኮላሉ። በትግራይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ የጅብ ኩስ ሰብስበው፣ በውስጡ ያለውን ፀጉር ለይተው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ከጾሙ በፊት ከናሙናው 15 በመቶ ገደማ ላይ የአህያ ፀጉር ሲገኝ፣ በጾሙ ወራት 33 በመቶ ደርሷል። ሰው ሥጋ ሲተው ጅብ አህያ ላይ ወረደ ማለት ነው። (ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ ኩስ የበረበሩትን ሰዎች ከልቤ አከብራለሁ።) ውሻ ግን አህያ አይጥልም። የእኛ ሰፈር ውሻ በጾም ራሱ ይራባል፣ የራበው ጅብ ደግሞ እሱን ይበላዋል።

እንዲህም ሆኖ ቁጥራቸው አይቀንስም። ለምን ቢሉ፣ ምንጩ መንገድ ላይ አይደለማ! ምንጩ አጥራችን ውስጥ ነው። ቡችላ የሚፈልግ ሁሉ «ወንድ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወንዶቹ ባለቤት ያገኛሉ። ሴቶቹ በማዳበሪያ ተደርገው፣ ሲመሽ ወንዝ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ይጣላሉ። የጣለው ሰው በነጋታው «ይህ ሰፈር በውሻ ተወረረ» እያለ ያማርራል። የተረፈችው ግን አድጋ ትወልዳለች፤ የወለደቻቸውን ወንዶች ያው ሰውዬ መጥቶ ይመርጣል።

ልጅ ሳለን መፍትሔው መርዝ ነበር። ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ሌሊት በየጥጋጥጉ ይጣላል፤ ጠዋት መኪና እየዞረ ሬሳ ይለቅማል። ስትሪክኒን እያንዘፈዘፈ ነው የሚገድለው፤ ትምህርት ቤት ስንሄድ ያየነውን ዛሬም ማውራት አልወድም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰፈሩ መልሶ ይሞላል። ቆሻሻው እዚያው ነው፣ ቦታው ክፍት ነው፣ ማዳበሪያውም መምጣቱን አላቋረጠም።

ይህን ለማስቀረት የተነሡ ሰዎች ነበሩ። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲሠሩ የነበሩት ኤፍሬም ለገሰና ሐና ክፍሌ፣ ሃፕስ በሚል አኅጽሮት የታወቀውን የቤት አልባ እንስሳት ጥበቃ ማኅበር አቋቁመው፣ ውሻን ከመመረዝ ይዞ መከተብና ማምከን ይሻላል እያሉ ሲሟገቱ ኖረዋል። ከባሌ የመጣ ሰው ይህን ቢል አይገርምም። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ አብዛኛው እዚያ ነው ያለው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ከቤት ውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ጨርሷል። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይላሉ ባለሙያዎች። የተከተበችውን ውሻ መግደል እንግዲህ ክትባቱን ቀብሮ ለአዲስ፣ ላልተከተበች ውሻ ቦታ መልቀቅ ነው።

የእህቴ ልጅና ጓደኞቿም በዚሁ መንገድ ነው የተነሡት። የተማሪ ስብስብ ናቸው፤ አንድ የተመረቀ ዶክተር፣ አንድ የውሰት ፒካፕ፣ አንድ ሰው የሰጣቸው ጋራዥ አላቸው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። በእኔ በኩል የተጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነበር፤ «ጋሼ፣ ሰፈሩ ያከብርዎታል፣ ዝም ብለው አብረውን ይዙሩ። ደግሞ አሮጌ ጋቢ ካለ ይያዙ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣን። ከአንድ ቆርቆሮ አጥር ሥር ቡናማ ውሻ ተኝታለች፤ ጡቷ ተንጠልጥሏል፣ ግን ቡችላ በአካባቢው የለም። አንዱ ልጅ መረቡን ገና ሲያነሣ ከአጥሩ ውስጥ የአሮጊት ድምፅ «ምን አገባችሁ!» አለ።

ባለንበት ቆምን። የእህቴ ልጅ በትሕትና «እማማ፣ እኛ በጎ ፈቃደኞች ነን...» ብላ ጀመረች።

«ምን አገባችሁ! ኧረ ምን አገባችሁ!»

ሰፈሩ ያከብረኛል የተባልኩት እኔ ነኝና ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እማማ፣ የሰፈር ጤና ሁላችንንም ያገባናል» አልኩ። ይህን ጊዜ ውሻዋ ብድግ ብላ፣ ተንጠራርታ፣ ጅራቷን እየቆላች በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ለካ ስሟ ነው። እማማ ከጎረቤታቸው ጋር በወሰን ተጣልተው ኖሯል፤ በአገራችን የውሻ ስም ለጎረቤት የሚጻፍ ደብዳቤ መሆኑን የማያውቅ የለም።

በሩን ከፍተው ሰሙን። መጀመሪያ «ዘር ማምከን ኃጢአት ነው» አሉ።

«ያለፉት ቡችሎች የት ደረሱ፣ እማማ?»

«ወንዶቹን ለሰው ሰጠሁ።»

«ሴቶቹስ?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ወንዙ አንዴ፣ ወደ እኔ አንዴ አዩና «በሉ፣ ከቻላችሁ ያዟት» አሉ።

መያዝ ተባለና ተሮጠ! ምን አገባችሁ በመረቡ ሥር ሾልካ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ወጣች። ተማሪዎቹ ተከተሏት፤ እኔም ጋቢዬን አንጠልጥዬ ተከተልኩ። የእንጦጦን ዳገት ምኒልክና ጣይቱ እንዴት ከተማ ብለው እንደመረጡት እግዜር ይወቅ፤ ጎበዝ ሰዎች መሆናቸውን ግን በዚያች ቀን በሳንባዬ አረጋግጫለሁ። ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ለማሳለፍ ጥግ ይዘው ቆሙ። አንዷ ከነሸክሟ ጎንበስ እንዳለች «ምን ሰርቃችሁ ነው?» አለችኝ። ተባራሪዋን ትታ አባራሪውን መጠየቋ ነው።

በመጨረሻ አንድ የደረቀ ቦይ ውስጥ ገባችልን። ጋቢውን ጣልኩባት። በጋቢው ውስጥ አልፋ እጄን አገኘችው።

የእህቴ ልጅ ከዚያ በኋላ ውሻዋን አላየቻትም፤ እኔን ነው የያዘችኝ። በአቅራቢያው ካለ ቤት ቢጫ ጀሪካንና የልብስ ሳሙና አስመጥታ፣ ሰዓቷን እያየች 15 ደቂቃ ሙሉ ቁስሉን አጠበችው። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ በጋለ ብረት ይተኮስ አለ፤ ሌላዋ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እዚሁ ከራሳችን በላይ እያለ ምን ያንከራትታችኋል አለች። አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን ገልበው ሆዳቸውን አሳዩን። «ፓስተር! በየቀኑ! እዚህ እዚህ!» ዱሮ ፓስተር ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ለብዙ ቀን ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። አሁን ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። «ጋሼ፣ ጸበሉንም ይጠመቁ፤ ግን ከመርፌው በኋላ» አለች የእህቴ ልጅ። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መዳን የለም በሚባል ደረጃ ነውና ክርክር አልገጠምኩም።

የነከሰች ውሻ ደግሞ 10 ቀን ታስራ መታየት አለባት። ቀኑ ሳይሞላ ከሞተች ወይም ከታመመች ነገሩ ሌላ ነው። የት ትታሰር? እማማ ገመድ የላቸውም፣ አጥራቸው ቀዳዳ ነው። ተነካሽ ነካሹን ግቢው አስገብቶ ሲቀልብ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። እማማ በየቀኑ ፍርፋሪ በፌስታል ይዘው ለጥየቃ ይመጣሉ፤ ስለ እጄ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።

በመጡ በመጀመሪያው ቀን ነው ጃኖን ያዩት። ፌስታሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ይሄ ነው! ሌሊት ሌሊት አጥሬን የሚዘለው ይሄ ነው! ያንተ ነው እንዴ?»

ጃኖ ጆሮውን ጥሎ ከውኃ በርሜሉ ኋላ ገባ። የተጣሉት ቡችሎች ግማሽ የእኔ ግቢ ልጆች ናቸው ማለት ነው። መከላከያ አላጣሁም፤ ከእህቴ ልጅ የሰማሁትን አቀረብኩ። አሥር ወንድ ቢመክን አንድ የቀረ ወንድ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ ይበቃል፤ ስለዚህ ቅድሚያ ለሴቷ ነው፣ ሳይንሱ እንዲህ ይላል አልኳቸው።

እማማ ሰምተው ጨረሱና «ጥፋቱ የሁለት፣ ቢላው የአንድ?» አሉ።

ዘበኛችን ጃኖም ሊመክን መሆኑን ሲሰሙ ግን ተቆጡ። «ጋሼ፣ ወንድነቱን ካጣ ማን ሊጠብቀን ነው?» እሳቸው የሚጠብቁበት ደመወዝ እንዳላቸው ማስታወስ ነውር ነውና ዝም አልኩ። ደግሞም እውነት ለመናገር፣ ሁለታችንም በርጩማችን ላይ ተስተካክለን ተቀምጠን፣ እግራችንን ገጥመን ነበር።

ዐሥሩ ቀን በሰላም አለፈና ወደ ጋራዡ ሄድን። ምን አገባችሁ ቀደመች። በማደንዘዣው ዓይኗ አይከደንም፤ እንዳይደርቅ የእህቴ ልጅ ቅባት አደረገችበት። ዶክተሩ ከተላጨው ሆዷ ላይ ከጣት የማይበልጥ ቀዳዳ ከፍቶ፣ እንደ ባላ ጫፍ ሁለት የተከፈለ ቀጭን ነገር ስቦ አወጣ። ያ ሁሉ ማዳበሪያ የሚጀምረው እዚህች ላይ ነው። ቋጠረ፣ ቆረጠ፣ ሰፋ። መሰራቷ ከሩቅ እንዲታወቅ የጆሮዋ ጫፍ በትንሹ ተቆረጠ፤ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባቷን ተወጋች።

ቀጥሎ እኛ ነን። መዝጋቢው ወጣት ከደብተሩ ቀና ሳይል «ስም?» አለ። ስሜን ነገርኩት።

«ጾታ?»

«ወንድ።»

«ዕድሜ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

እስክሪብቶው ቆመ። የጃኖን ገመድ ለዘበኛችን ላቀብል ዞር ብል እሳቸው የሉም፤ ከበሩ ውጭ ሆነው ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ከኋላዬ በርጩማ ላይ ምን አገባችሁን ታቅፈው የተቀመጡት እማማ ግን አሉ።

«ጻፈው ልጄ» አሉት ለመዝጋቢው፣ «እሱም ቢሆን አይጎዳውም።»