ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በመንገድ ላይ ስለ መቆም

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ ስምጥ ሸለቆው የጂኦሎጂ ሊቃውንት፣ ስለ ወፎቹም የወፍ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። አንድ ቤተሰብ በአንድ መኪና ታጭቆ ሲሄድ የት፣ ለምንና በማን ትእዛዝ እንደሚቆም ግን በወጉ ያጠና የለም። ይህ ጽሑፍ ያን ለማድረግ ይሞክራል። መነሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው ይባላል፤ ይህን እንለፈው።

አቋቋም በሁለት ዐበይት ክፍሎች ይከፈላል፦ ለማየት መቆምና ለመግዛት መቆም። የመጀመሪያው ሳይቆሙ የሚፈጸም ነው። አባት መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እየጠቆመ፣ «ይኼ ቆቃ ነው፤ ግድቡ በጣሊያን የጦር ካሳ ነው የተሠራው» ይላል። ሁሉም አንገቱን ሲያዞር ቆቃ አልፏል። ዝዋይ ጋ ሲደረስ አያት ነጠላቸውን አስተካክለው በመስኮቱ በኩል ወደ ሐይቁ ይሳለማሉ፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ጽላተ ሙሴ ተሸሽጎበታል የሚባለው ደብረ ጽዮን እዚያ ደሴት ላይ ነውና። ላንጋኖ ላይ ትንሹ ልጅ «ውኃው ቆሻሻ ነው» ይላል። «ቆሻሻ አይደለም፣ መልኩ ነው» ይባላል። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለው ይነገረዋል፤ ልጁም ውኃውን ላይ ላዩን እያየ በጨዋነት ይስማማል። ጉብኝቱ በዚህ ተፈጽሟል።

ለመግዛት መቆም ሦስት ዓይነት ነው፦ ገዝቶ መሄድ፣ ጠይቆ መሄድና «ስንመለስ» ብሎ መሄድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለማንም ግልጽ ናቸው። ሦስተኛው ግን የጥናቱ ልብ ነው።

«ስንመለስ» በንጹሕ መልኩ የሚገኘው መቂ ላይ ነው። ሞተሩ አይጠፋም፤ አባት ጥርሱን ነክሶ ፍሬን ረግጧል። እናት መስኮቱን እስከ ግማሽ ታወርዳለች። ሽንኩርትና ቲማቲም በላስቲክ ያንጠለጠሉ ልጆች ከየአቅጣጫው ሮጠው ይከቧታል። የተጠራው ዋጋ ያስደነግጣታል። (ዋጋው ምንም ይሁን ምን ትደነግጣለች፤ ይህ የሥርዓቱ አካል ነው።) ትከራከራለች፤ መኪናውን «ንዳው» ብላ ታስነሣለች፤ ልጆቹ ይከተላሉ፤ መኪናው ይቆማል። በመጨረሻ ባለ ሽንኩርቱ እጁን ሰጥቶ፣ «እሺ ማዘር፣ በቃ ውሰጂ» ሲል፣ እናት ያንን ሁሉ የደከመችበትን ዋጋ ከተቀበለች በኋላ፣ «በል የኔ ልጅ፣ ስንመለስ» ትላለች።

ለምን? ቲማቲሙ እስከ ሐዋሳ ይጨፈለቃል፣ ሽንኩርቱም መኪናውን ያገማዋል የሚለው መልስ ላለመግዛቷ እንጂ ለመከራከሯ ምክንያት አይሆንም። ሚዛን የሚደፋው መላ ምት ሌላ ነው። እናት ሽንኩርት አልገዛችም፤ የሰፈሯ ባለ ጉልት ስንት እንዳተረፈችባት ነው የለየችው። ከዚያ እስከ ቡልቡላ ድረስ የሚወራው ስለዚያች ባለ ጉልት ብቻ ነው።

ሻጩም የራሱ ሳይንስ አለው። «ስንመለስ» ምን ማለት እንደሆነ ከማናችንም ይበልጥ ያውቃል፤ ቢሆንም ከመኪናው ጎን እየሮጠ፣ «ማዘር፣ ስትመለሺ እኔን ጥሪ! ባለ ቀይ ኮፍያው በይ!» ይላል። እናትም ምላ እንደ ተገዘተች ሁሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ችግሩ ቆቃ ላይ ለባለ አሣው፣ ቀጥሎም ለባለ ሐብሐቡ፣ ላንጋኖ አጠገብ ደግሞ ለባለ ከሰሉ እንዲሁ ነቅንቃለች። ቤተሰቡ ሐዋሳ የሚገባው መንገዱን ሙሉ ባለ ዕዳ ሆኖ ነው።

ሐዋሳ ላይ የሚሆነው፣ የአሞራ ገደል አሣና የሐይቁ ዳር ፎቶ፣ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው፤ እዚያ ሁሉም ወዶ ይቆማል።

ሲመለሱ ከዕዳዎቹ የሚከፈለው አንድ ብቻ ነው፦ ከሰሉ። «ቤታችን የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ» ይላል አባት። «ለቡና ነው» ይባላል፤ ክርክሩም ያበቃል። አፉን በቅጠል የተሸፈነ ማዳበሪያ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል። ሲሄዱ ግራር ጥላ ሥር ድፎ ዳቦና ቅቅል እንቁላል የበሉ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ ከአገር እየጠፋ ነው ብለው ያዘኑ ሰዎች፣ ሲመለሱ ግራሩን ጭነውት ይሄዳሉ።

ከባቱ (ከዝዋይ ከተማ) በኋላ አባት ወደ አዲሱ የክፍያ መንገድ ይገባል። ለፍጥነቱ ነው ይላል። ይህ አጥኚ ግን ሌላ ምክንያት ይጠረጥራል፦ ፈጣን መንገድ ላይ መቆም ክልክል ነው፣ ሻጭም የለም። እናት በመቂ አቅጣጫ እያየች፣ «ያ ልጅ ይጠብቀናል እኮ» ትላለች። ከልቧ ነው።

ሦስተኛ ዐቢይ ክፍል ነበር፦ ለልጆች ሽንት መቆም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተመድቦለት ነበር፤ ሰርዤዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ክፍል የቀሩትን ሁሉ ያፈርሳል። ባቱ ላይ «ሽንት የመጣበት አለ?» ተብሎ ሁሉም በአንድ ድምፅ «የለም» ይላል። የክፍያ መንገዱ ከተያዘ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ትንሹ ይንቆራጠጣል። አባት እየተራገመ ዳር ይይዛል። ልጁ ሳይጨርስ ከአጥሩ ማዶ፣ ከየት መጣ ሳይባል፣ ሐብሐብ የታቀፈ ጎረምሳ ብቅ ይላል፤ እናትም መስኮቱን እስከ ግማሽ ታወርዳለች።