መሸኛ የሌላት ድመት

ተረት ተረት! የላም በረት!

ከዕለታት አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሾላ ገበያ ብዙም ሳይርቅ አንድ ወፍጮ ቤት ነበረ። ሁለት ወፍጮ ነበረው፤ አንዱ ጤፍና ስንዴ፣ ሌላው በርበሬና ሽሮ የሚፈጭ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ማታ ሲጠፋ ግቢው እፎይ ይላል። በግቢው የሚኖር ሁሉ፣ ጥቁሩም ቀዩም፣ ዱቄት ለብሶ ስለሚውል ከሩቅ ላያቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስሉ ነበር። ቀረብ ብሎ የሰማቸው ግን እንዲያ አይልም።

በሩ ላይ ውሻው መቻል ይቀመጣል፤ እሱ ሳያሸተው የሚገባ የለም። አያ አህያ ዱቄት ያደርሳል፤ አያ አውራ ዶሮ ወሬ ያደርሳል። እመት ዶሮ ቀኑን ሙሉ ጫጩቶቿን ትቆጥራለች። እመት ፍየል ያገኘችውን ትበላለች፤ ወረቀትም ቢሆን አትመርጥም። አይጦች ከጆንያው ሥር አሉ፤ ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ የጨረሰ የለም፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ሁልጊዜ እነሱ ይበዛሉ።

ውሮ የምትባል ድመትም ነበረቻቸው። ከሄደች ዓመት አልፏታል። ለምን እንደሄደች የሚያነሳ አልነበረም። «ድመት እንግዲህ ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች» ተባለና ነገሩ ተዘጋ።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባመሸበት ቀን፣ አንዲት ድመት በሩ ላይ ቆመች። ትንሽ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ትንሽ ድመት ገና ታሪክ የላትም፤ ያሳደጋት ቤት ታሪክ ይሆናታል። ይህቺ ግን ጎልምሳ የመጣች ድመት ናት፤ ታሪኳን ይዛ ነው የመጣችው፣ ግን አታሳይም። ጸጉሯ ግራጫ ነው፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም፤ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«መሸኛ አለሽ?» አላት መቻል።

«የምን መሸኛ?»

«ከነበርሽበት ቀበሌ ነዋ! ስምሽ ከነአያትሽ፣ የለቀቅሽበት ምክንያት፣ ዕዳ እንደሌለብሽ፤ ክብ ማኅተም ያረፈበት።»

ድመቷ ዝናቡን ከላይዋ አራገፈች። «የመጣሁት በእግሬ ነው» አለች። ስለራሷ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ባለወፍጮዋ እማማ የውሾችን ሕግ ስለማያውቁ፣ ከሞተሩ አጠገብ ባዶ ማዳበሪያ አነጠፉላት፣ በጣሳ ውሃ አስቀመጡላት፣ ገባች።

በማግስቱ ከሚዛኑ ሥር ሸንጎ ተቀመጠ።

«ይቺ የትልቅ ሰው ድመት ናት» አለ አያ አውራ ዶሮ አንገቱን ሰብቆ። «አረማመዷን አላያችሁም? ምንጣፍ ላይ ያደገች ናት። ጌቶቿ ውጭ አገር ሲሄዱ ጥለዋት ነው።»

«የሆቴል ናት» አለች እመት ፍየል። «ከወጥ ቤት በር ላይ ነው የኖረችው። እኔ ብሆን አልወጣም ነበር።»

እመት ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ ሰበሰበች። «ጆሮዋን እዩ እንጂ! ይሄ የሌባ ምልክት ነው። የሰው ጫጩት በልታ ነው የቆረጧት።»

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ!» አሉ አይጦች በአንድ ድምፅ።

መቻል በመጨረሻ ተናገረ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለ። «መሸኛዋን እስክታመጣ ድረስ በጊዜያዊነት ትቀመጥ፤ ከሚዛኑ ወዲህ ግን እንዳታልፍ።»

አያ አህያ ዝም ብሎ ገለባውን ያኝክ ነበር። አህያን በሸንጎ የሚጠይቅ የለም።

ቀን ቀንን ሲወልድ ድመቷ ላይ ሦስት ነገር አዩ። አንደኛ፣ ሞተር አትፈራም፤ መጥረጊያ ሲነሳ ግን ሆዷን መሬት አስነክታ ትሰወራለች። ሁለተኛ፣ ሌሊት ማዳበሪያው ላይ ወጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በሁለት የፊት እግሮቿ ግራ ቀኝ እያለች ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ታሻለች። ሦስተኛ፣ በየቀኑ ልክ በ11 ሰዓት በሩ ላይ ሄዳ ትቀመጣለች፣ መንገዱን ታያለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። በ11 ሰዓት ማን ነበር የሚመጣላት? አውራ ዶሮው ስለዚህ ብቻ አራት ዓይነት ወሬ አደረሰ፤ አራቱም እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪም መጣ፣ መቻልን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊወጋ። እማማ ድመቷንም አቅፈው አመጡለት። «ስንት ዓመቷ ነው ልጄ? ከየት የመጣችስ ትመስልሃለች?»

ሐኪሙ አፏን ከፈት አድርጎ አየ። «እማማ፣ ድመት 6 ወር ገደማ ሲሆናት 30ው ቋሚ ጥርስ ወጥቶ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ በጥርስ ይገመታል እንጂ አይቆጠርም። 4 ዓመትም ይሆናታል፣ 7ም ይሆናታል።»

«ጆሮዋስ? ተጣልታ ነው?»

«ጠብ ይቀዳድዳል እንጂ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። በብዙ አገር የጎዳና ድመት እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ሲያደርጓት፣ በማደንዘዣ እንደተኛች የጆሮዋን ጫፍ ይቆርጡላታል፤ ሌላ ጊዜ በስሕተት ተይዛ ሁለተኛ ሆዷ እንዳይከፈት ምልክት ነው። የዚህችም እሱን ይመስለኛል። የጨከነባት ሳይሆን ያሰበላት ሰው ነው የቆረጣት።»

እመት ዶሮ መሬት መጫሯን አቆመች።

«ሌሊት ደግሞ ታቦካለች» አሉ እማማ እየሳቁ።

«እሱ የጡት ልጅነቷ ነው። ወተቱ እንዲወርድላት የእናቷን ሆድ የምትጫነው እንደዚያ ነበር፤ ብዙ ድመት አድጋም አትተወውም። ደግሞ እጄን አለመፍራቷን አዩ? ድመት በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሰው እጅ ካልለመደች በኋላ ሰው ማመን ይከብዳታል። ይቺን በልጅነቷ የያዛት እጅ ነበረ።»

«በ11 ሰዓት መንገድ የምታየውስ?»

ሐኪሙ መርፌውን ከተተ። «እሱን ጥርስ አይናገርም፣ እማማ።»

እንግዲህ ግቢው ስለ ድመቷ በእርግጥ ያወቀው ይህን ያህል ነው፤ እናት ነበረቻት፣ የያዛት እጅ ነበረ፣ መጥረጊያ ያነሳባት ነበረ፣ የምትጠብቀው ነበረ። ይህ ከማን ላይ ይጠፋል? «ሐኪሙ የድመት ወገን ነው!» አሉ አይጦች። መቻል ግን ያን ዕለት ስለ መሸኛ አላነሳም፤ መርፌው የተወጋበትን ቦታ ሲልስ አመሸ።

በመስከረም አያ አህያ ግማሽ ኩንታል የጤፍ ዱቄት ተጭኖ ወደ ኮተቤ ወጣ። ጆንያው ላይ የወፍጮ ቤቱ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ዱቄቱ የሚራገፍበት ግቢ ደጃፍ ላይ አንዲት ልጅ ድመት አቅፋ ተቀምጣለች። የድመቷ ጅራት ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ይጎድላል።

«እማዬ፣ የሉሉን ጅራት ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ትላለች ልጅቷ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! የሆኑ ጨካኞች ናቸው። የመጣች ለት ጸጉሯ ዱቄት ነገር ነበረበት፤ እስካሁን ሞተር በሰማች ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች።»

ግቢው ውስጥ የታሰረው በግ ወደ አህያው ጠጋ አለ። «እኛም ሸንጎ ተቀምጠንባት ነበር» አለው። «እኔ የጠንቋይ ቤት ድመት ናት ብያለሁ፤ ዶሮዋ የለም፣ የወንበዴ ቤት ናት ትላለች። አንተ አገር ለአገር ትዞራለህ፤ ጅራት የሚቆርጥ ምን ዓይነት ቤት ነው?»

አያ አህያ የቤቱን ስም በቀይ ቀለም ጀርባው ላይ እንደተጫነ ቆሞ ነበር። በጉ ማንበብ አለመቻሉን አመሰገነ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ውሮ» አለ።

ድመቷ ራሷን አላዞረችም። ጆሮዋ ብቻ፣ አንደኛው ጆሮዋ ብቻ፣ ወደ አህያው ዞረ፤ ጥቂት ቆየ፤ ተመለሰ። ከዚያም ልጅቷ እቅፍ ውስጥ ገብታ ጠቅልላ ተኛች።

ማታ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ማንም ሳይጠይቀው አያ አህያ ተናገረ። ያየውንም የሰማውንም ነገራቸው፤ ጨረሰና፣ «የውሮ ጅራት ቺንጋው ውስጥ የገባው ማን ሲያባርራት ነው?» አለ።

የሞተሩ ትኩሳት ሲበርድ ብረቱ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አለ መቻል። «ጨዋታ መስሎኝ ነበር።»

«ጫጩቴን በላች ያልኩት እኔ ነኝ» አለች እመት ዶሮ። «ጭልፊት እንደሆነ በኋላ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አንዴ ተናግሬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ለሰፈሩ ጮኼያለሁ» አለ አውራ ዶሮው። «እማማ መጥረጊያውን ያነሱት እኔን ሰምተው ነው።»

«ከጣሳዋ እበላባት ነበር» አለች እመት ፍየል።

«እኛን አትዩን» አሉ አይጦች፤ «እኛ የሄደች ለት ሠርግ ነበርን።»

«እኔ ምንም አላደረግኩም» አለ አያ አህያ። ትንሽ ቆየና ደገመው፤ «ሁሉን እያየሁ ምንም አላደረግኩም።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ያን ሌሊት ግን የወጉት አስታወሱ። ግራጫዋ ድመት ማዳበሪያዋ ላይ ሆና ስትሰማ ቆይታ፣ ከመጣች ለሁለተኛ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«መቻል፣ ያንን የጠየቅኸኝን ነገር፣ መሸኛውን፣ የሚጽፈው ማን ነው?»

«የነበርሽበት ቀበሌ ነዋ።»

«የሚሄደው ራሱ አይጽፍም?»

«እንዴት ተብሎ! የለቀቁት ቤት ነው ማኅተሙ ያለው።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለችና ዓይኗን ጨፍና ማቡካቷን ቀጠለች።

መቻል አልተኛም። በር ላይ ቆሞ ከስንቱ መሸኛ ጠይቋል፤ ከዚህ ግቢ ለወጣ ግን አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም። ሊነጋ ሲል ሁሉንም ቀሰቀሰ። አውራ ዶሮው ተናገረ፣ እመት ዶሮ በጥፍሯ በሽሮ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጻፈች፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። በእናንተ ዘንድ ሉሉ የተባለችው ድመት እኛ ዘንድ ውሮ ትባል ነበር። ጅራቷን የቆረጠው የእኛ ወፍጮ ቺንጋ ነው፤ ያባረራትም ከእኛው አንዱ ነው። ጫጩት አልበላችም። ዕዳ የለባትም፤ ዕዳው የእኛ ነው። ብርድ ስለማትወድ ከምድጃ አጠገብ አስተኟት። ይህን መሸኛ ሳትጠይቀን ሰጥተናታል።»

መቻል በመዳፉ የበርበሬ ወፍጮውን ወለል ረግጦ ወረቀቱ ግርጌ አሳረፈው፤ ቀይ ክብ ማኅተም ሆነ። እመት ፍየል ወረቀቱን ተቀብላ አሸተተች፤ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ፤ ሳትበላው ለአያ አህያ አቀበለችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮተቤ ደረሰ።

የግራጫዋ ድመት መሸኛ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። አሁንም በ11 ሰዓት በሩ ላይ ትቀመጣለች። መቻል አጠገቧ ይቀመጥና አብሯት መንገዱን ያያል፤ ማንን እንደምትጠብቅ አይጠይቃትም። የሚገባውንም እንደ ቀድሞው ያሸታል፣ ዘበኛ ነውና። የሚወጣ ሲያይ ግን ከመንገዱ ላይ ይቆምና፣ «ምን አድርገንሽ ነው የምትሄጂው?» ይላል። ይህን ጥያቄ ማንም አላስተማረውም።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ቤታችሁ የገባው እንግዳ ጠባሳው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያምራችኋል፤ ሰው ናችሁና አልፈርድም። ግን ከእናንተም ቤት የወጣ አለ፤ የወር ደመወዟን ሳትቀበል ሻንጣዋን ያነሳች ሠራተኛ፣ ሰላምታ ነፍጋችሁት ሰፈር የቀየረ ጎረቤት፣ የተቀየማችሁባት ነገር ሳይነገራት ቤይሩት የገባች እህት። ዛሬ በሌላ ደጃፍ ላይ ሆነው አንድ ልጅ ጠባሳቸውን እየነካ «ማን ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?» ይላቸዋል። ማኅተሙ እናንተ ጋ ነው፤ ጻፉላቸው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ዱቄቱን አያ አህያ ያደርሳል።