በጥቅምት አንድ ዓሣ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው አዋቂ ነበር፤ ዳሩ ግን የተናገረው ስለ በሬ ነው። የጣናን ነጭ ዓሣ የሚያውቅ ሰው አጥንትን በነጠላ አይጠራም። ነጭ ዓሣ በልቶ ጉሮሮውን ሳያስል ከገበታ የተነሣ ካለ፣ አጠገቡ ተቀምጣ እሾሁን እየለቀመች የምታጎርሰው ሴት አለችው ማለት ነው። እኔን የምታጎርሰኝ ካረፈች ቆየች፤ ነፍሷን ይማር። ዘንድሮ ግን ስለ እሾሁም አላማርርም። ስለ እሾህ ለማማረር መጀመሪያ ዓሣው መያዝ አለበት።

«ክረምቱ ወጣ፣ አደይ ፈነዳ፣ እንግዲህ የዓሣ ጊዜ መጣ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይህን የሚለኝ ሁልጊዜ ሐይቁን ከሆቴል በረንዳ፣ ቡናውን ይዞ የሚያይ ሰው ነው። እርግጥ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቀመር መስከረም 26 ቀን መጸውን ያስገባል። ሰማዩም ይታዘዛል፤ ይጠራል። ጣና ግን አይሰማም። ዝናቡ ካባራ በኋላም ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየአገሩ የሰበሰቡትን ሲዘረግፉበት ይቆያሉና፣ ሐይቁ በዓመት ውስጥ ከሁሉ የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይጎድልና ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ከሁሉ ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

«አንድ ሜትር ተኩል ምን አላት አባባ?» ይለኛል የልጅ ልጄ። አላት እንጂ! ይህ ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር ቢሆን ነው። እንደ ምጣድ ዝርግ ነው፤ ትንሽ የጨመሩበት እንደሆነ ዳር ዳሩን ይሮጣል። በሰኔ የምቀመጥበት ድንጋይ በጥቅምት ከውሃ በታች ነው። ቆሜ ላጥምድ ብል ደግሞ ጭቃው እግሬን ይዞ አይለቅም። ሒሳብ ከተሳሰብን፣ ጣና ከእኔ የወሰደው ጫማ ከሰጠኝ ዓሣ ይበልጣል።

ውሃውስ ቢሆን? ውሃ ከተባለ ነው። ጉማራና ርብ ክረምቱን ሙሉ የገበሬውን ማሳ እያጠቡ ያመጡት አፈር ገና አልሰከነም። ሰው በወይና ደጋው ላይ «መሬቴ ሳሳ» ብሎ ሲያለቅስ እሰማለሁ፤ መሬቱን የሚፈልግ እዚህ ይምጣ፣ እኔ መንጠቆ ላይ ነው ያለው። በእንዲህ ያለ ድፍርስ ውስጥ ቀረሶ ትሉን ከየት ያየዋል? አምባዛ ብቻ ነው በጢሙ እየዳበሰ የሚመጣ። እሱ ደግሞ ቀኑን ተኝቶ ሌሊት የሚወጣ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ያለው ሌሊት ደግሞ የጉማሬ ነው። ከጉማሬ ጋር በእኔ ዕድሜ የሚከራከር የለም፤ በእናንተም ዕድሜ አልመክርም።

ነጭ ዓሣውንማ ተዉት፤ በዚህ ወቅት ብዙው ቤቱ የለም። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ወገን ወገኑን እየያዘ ወደ ወንዞቹ ይወጣል፤ ጠጠር ያለበት ንጹሕና ፈጣን ውሃ ፈልጎ ዕንቁላሉን ይጥልና ይመለሳል። ምሁራኑ ይህን ዘመድ በ15 ዓይነት ለይተውታል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው ዓሣ ያንን ገደል ዘልሎ መውጣት አይችልምና፣ ከላይ የቀሩት እርስ በርሳቸው ብቻ ሲዋለዱ ኖረው ሌላ ቦታ የሌለ ዘር ሆኑ። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። እኔን ያናደደኝ ይህ አይደለም፤ መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ የላቸውም! ያለ ጥርስ ዓሣ ይውጣሉ። እኔ ጥርሴን ባጣሁ ማግስት ሽሮ ተፈረደብኝ።

እንግዲህ ይህ ዓሣ ወደ ወንዝ ሲወጣም ሆነ ሲመለስ የሚያልፍበት በር አንድ ነው፤ የወንዙ አፍ። መረብ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል። ድሮ ወይጦዎቹ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚያጠምዱት፤ ታንኳዋ ራሷ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ ከልክ በላይ የመስገብገብ አቅም አልነበራትም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። «ሥልጣኔ ነው» ተባለ። ሥልጣኔው ጉማራ አፍ ላይ ቆሞ ዕንቁላል የተሸከመችውን እናት ከነሆዷ ማፈስ ሆነ። ይህ ዓሣ ደግሞ እንደ ቀረሶ ቶሎ ደርሶ ቶሎ የሚተካ አይደለም፤ ለአካለ መጠን ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ከ1983 ዓ.ም እስከ 1993 ዓ.ም ባለው ጊዜ ብቻ ነጭ ዓሣው ከግማሽ በላይ መቀነሱን ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። ከወንዙ በላይ ያለው ደግሞ መረብ ባይኖረው ብርብራ አለው፤ ፍሬውን ወቅጦ ውሃው ላይ ይበትንና ትልቅ ትንሽ ሳይል የሰከረውን ሁሉ ይለቅማል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው! ዓሣው ነጋሪት ጋዜጣ እንደማያነብ ይገባኛል። አጥማጁስ?

እምቦጩ ይቆየኝ ብዬ ነበር፤ አይቆይም። በ2004 ዓ.ም «አንድ አዲስ አረም ታየ» ሲባል ሰማን፤ አሁን በሰሜንና በምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራ በኩል፣ ቤተሰብ መሥርቶ ተቀምጧል። በጥቅምት ያብባል። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ወጣቶቹ ፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ሲነቅለው እኔም ልረዳ ሄጄ ነበር፤ «አባባ፣ እርስዎ ጥላ ሥር ይቀመጡ» ተባልኩና ተቀምጬ ተቆጣሁ። ቢነቀልም ከሥሩ ቅንጣት ከቀረ፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ካደረ ተመልሶ ይመጣል። የዚህ አረም ክፋቱ እግር ያለው መሆኑ ነው። ጠዋት ውሃው ጸጥ ብሎ ገላጣ ቦታ መርጬ መንጠቆዬን እጥላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አንድ ጋሻ የሚያህል አረንጓዴ መሬት እየተንሳፈፈ መጥቶ ክሬ ላይ ይተኛል። ስጎትት ይከብዳል፤ ልቤ ይመታል፤ «ይህስ ቀረሶ አይደለም፣ ንጉሡ ነው» እላለሁ። እምቦጭ ነው።

«ወደ ዓባይ ለምን አትሄድም?» ያለኝ ጎረቤቴ ነው። እሱ ዓሣ አያጠምድም፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያለ ይከራከራል እንጂ። የጽጌን ጾም እሱ በፈቃዱ ይጾማል፤ እኔ ዓሣው አስገድዶኝ።

ሄድኩ። ወንዝ ድሮ የሚታዘዘው ለዝናብ ነበር፤ ክረምት ይሞላል፣ መጸው ይጎድላል፣ በጋ ይተኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ መውጫ ላይ፣ ጨረጨራ፣ በር ተገጠመለት። ከዚያ ወዲህ የዓባይን ልክ ለማወቅ ሰማይ ማየት ጥቅም የለውም፤ ቁልፉ ያለው ሰው ጠዋት በምን እግሩ እንደተነሣ ነው መጠየቅ ያለበት። በ2002 ዓ.ም ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረና የሐይቁ ውሃ በምዕራብ በኩል በተቦረቦረ ተራራ ውስጥ ወደ በለስ መንጎድ ጀመረ። 460 ሜጋ ዋት ይሰጣል ይላሉ፤ ይስጥ፣ መብራት እወዳለሁ። ግን ከጨረጨራ በታች የቀረው ውሃ አንዳንዴ ለቀረሶ ጉልበቷ አይደርስም፤ ጢስ ዓባይም ጢሱን እያስቀረ ዓባዩን ብቻ፣ እሱንም በቀጭኑ፣ የሚያሳይበት ቀን በዝቷል። በ1995 ዓ.ም ሐይቁ ራሱ ጎድሎ ጀልባዎች መሄድ አቅቷቸው ነበርና፣ ዓሣ አልያዝኩም ብዬ ሳማርር «አረጀህ» የሚለኝ ይህን ያስታውስ።

ወንዙ ዳር ሌላው መከራ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ያምራል፤ ሰፊ ነው፤ ማታ ይበራል። ጠዋት ደግሞ ላዩ ላይ የሚዝናና ሁሉ እኔን ቁልቁል እያየ ይጠይቃል።

«አባባ፣ ተያዘልዎት?»

«እኔ ተያዝኩ።»

«በምን?»

«በጉንፋን።»

ይስቃሉ። የጥቅምት ውርጭ ገና ሳይለቅ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የቆመ ሰው ሲያስነጥስ ምን እንደሚያስቅ አላውቅም። የልጅ ልጄ ደግሞ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ዛሬ ነፋስ የለም ይላል» ብሎ የአገር ሁሉ አየር የሚያውቀውን ያሳየኛል፤ ባርኔጣዬ በዚያው ቅጽበት ወደ ሱዳን ጉዞ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ችዬ ባዶ እጄን ስመለስ ሐይቁ ዳር ካሉት ጥብስ ቤቶች አንዱ ገባሁ። ቀረሶ አዘዝኩ። ያቀረቡልኝ መዳፍ አትሞላም፤ ጎንና ጎኗን በቢላ ተልትለው፣ በዘይት አድርቀው፣ አዋዜ አጠገቧ ደፍተው አመጡልኝ። ወልዳ የማታውቅ ልጅ ናት። «ትልቁ የት አለ?» ብል «ትልቁ ወደ አዲስ አበባ ሄደ» አለኝ አሳላፊው። ሁሉም ትልቅ ነገር ወደዚያው ይሄዳል፤ እሺ። ይህቺን ያወጣት መረብ ግን ዓይኑ ምን ያህል እንደጠበበ ለማወቅ አዋጅ ማንበብ አያሻም፤ ሳህኑን ማየት ይበቃል። እኔ መለስኳት። አስተናጋጁ ተበሳጨ፤ አጠገቤ ያሉት ደግሞ «ሽማግሌው ዋጋው ከብዶት ነው» ተባባሉ። ዋጋውም ከብዶኝ ነበር፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ መረብ ያላችሁ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጉማራን፣ የርብንና የመገጭን አፍ ልቀቁላቸው፤ ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ሌላ ቦታ ጣሉ። መረብ የሌላችሁና ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር የምትመጡም፣ መዳፍ የማታክል ቀረሶ ሲያቀርቡላችሁ መልሱ። ገዢ ያጣ መረብ ነው ዓይኑን የሚያሰፋው።